አውሬ የሚናገርበት ሸዋ

የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት ገጸ ባሕርያት አውሬዎች ናቸው። ርዕሱም አይደብቀውም፤ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ይላል። ደራሲው በጅሮንድ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም በ1876 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ሳያደብር የተወለዱ ናቸው። ስማቸው ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ማርቀቃቸውን፣ ወይም ጣሊያን ሲወረን በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው መከራከራቸውን ነው። አውሬ እያናገሩ ቤተ መንግሥቱን ማስከፋታቸው ግን ከቲያትር ተማሪዎች ክፍል ብዙም አልወጣም።

ተክለሐዋርያት ገና በልጅነታቸው ወደ ሐረር ሄደው በራስ መኮንን ቤት አደጉ። ከዓድዋ ድል በኋላ ወደ ሩሲያ ተላኩና በፒተርስበርግ የመድፈኛ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ኋላም ወደ ፈረንሳይና እንግሊዝ አቀኑ። የአውሮፓን ቲያትር ያዩ ሰው አዲስ አበባ ተመልሰው በአንድ ምሽት «ቲያትር» ተብሎ ሲጋበዙ፣ ያገኙት ዘፈንና ጭፈራ ያለ ሥርዓት የተቀላቀለበት ጨዋታ ሆነባቸው። ተውኔት ማለት ምን እንደሆነ ላሳይ ብለው ብዕር አነሡ። ሥራው በቴራስ ሆቴል በመኳንንት ፊት ቀረበ። ጊዜውን አንዳንድ ጥናቶች በ1905፣ ሌሎቹ በ1913 ዓ.ም. አካባቢ ያደርጉታል።

ጭብጡን የወሰዱት ከፈረንሳዊው ላፎንቴን ተረቶች ነው። ግን መኳንንቱ ፈረንሳይን አላዩበትም። ጉቦ፣ አድልዎና የተበላሸ አስተዳደር በአውሬ አፍ ሲነገር እያንዳንዱ ባለሥልጣን ጎረቤቱን፣ ምናልባትም ራሱን አየ። ንግሥት ዘውዲቱ ተውኔቱን አገዱት፤ አገሪቱም ለዓመታት ያለ ዘመናዊ ቲያትር ቆየች። ጆርጅ ኦርዌል አሳማና ፈረስን እያናገረ የስታሊንን ሥርዓት የተቸበት «አኒማል ፋርም» የታተመው በ1945 እ.ኤ.አ. ነው። የሳያደብሩ ሰው፣ የትኛውንም ቀን ብንቀበል፣ ከሃያ ዓመት በላይ ቀድመውታል።

ግን መኳንንቱ ነገሩን እንዲህ ቶሎ እንዴት ተረዱት? በእኔ ግምት መልሱ ያለው ከሆቴሉ ሳይሆን ከየቤታቸው ምድጃ ዳር ነው። ሸዋ ውስጥ ያደገ ሰው አንበሳ ሲባል ማን እንደሆነ ማስረዳት አያሻውም። ይህን የአህያ ተረት ያልሰማ ማን አለ?

ዘመኑ ከፋ፤ ዝናብ ቀረ። አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ተሰብስበው «ይህ መዓት የመጣው በአንዳችን ኃጢአት ነውና እንናዘዝ» ተባባሉ። አንበሳ «ከመንደር ዳር አንድ ጥጃ በልቻለሁ» አለ። ሁሉም ተሽቀዳድመው «ኧረ ጌታዬ፣ ይህማ ምኑ ኃጢአት ነው!» አሉት። ነብር ፍየል መብላቱን ተናዘዘ፤ «ተፈጥሮህ ነው» ተባለ። አያ ጅቦም ያደረገውን ተናገረ፤ ማንም ቀና ብሎ ያየው የለም። ተራው የአህያ ሆነ። «አንድ ቀን ጌታዬ መንገድ ላይ ቆሞ ከወዳጁ ጋር ሲጨዋወት፣ ከመንገዱ ዳር ያለውን ሣር ጥቂት ነጨሁ» አለች። ይሄኔ ጉባኤው ተነሣ። «ለካ አንቺ ነሽ! ይህን ሁሉ መከራ ያመጣሽብን!» ብለው ፈረዱባት፤ ፈርደውም በሏት።

ላፎንቴን በ1678 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሰባተኛ መጽሐፉ የሚከፈተው በዚሁ ታሪክ ነው። በድርቁ ፈንታ ወረርሽኝ ገብቷል፤ ከአንበሳው ጋር ቀበሮና ተኩላ ተሰልፈዋል። አህያው ግን ያው አህያ፣ ሣሩም ያው ሣር ነው። ማን ከማን እንደወሰደ መከራከር ለሚወድ ሰፊ ሜዳ ነው፤ ተረት ፓስፖርት የለውም። ላፎንቴን ራሱ በዚያው እትም መግቢያ ላይ ከሕንዳዊው ጠቢብ ከፒልፔ ብዙ መውሰዱን ሳይደብቅ ጽፏል። በፒልፔ ስም የሚጠራው መጽሐፍ ሥሩ የሕንዱ ፓንቻታንትራ ሲሆን፣ በስምንተኛው ክፍለ ዘመን ኢብኑል ሙቀፋ ከፋርስ ቋንቋ ወደ ዐረብኛ ሲመልሰው «ከሊላ ወዲምና» ተባለ። ከሊላና ዲምና በአንበሳ ንጉሥ ግቢ የሚኖሩ ሁለት ቀበሮዎች ናቸው፤ አንዱ ለሹመት ሲቋምጥ ነገር ይሠራል፣ ሌላው «ተው» ይለዋል።

ይህ መጽሐፍ ወደ ግዕዝም ተመልሶ ነበር። ቅጂው ዛሬ የለም። መኖሩን የምናውቀው በ16ኛው ክፍለ ዘመን የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የነበሩት አባ ዕንባቆም በ«አንቀጸ አሚን» ስለጠቀሱት ነው። አባ ዕንባቆም ከየመን የመጡ፣ ዐረብኛውን ከምንጩ የጠጡ ሊቅ ነበሩ። ከእርሳቸውም በፊት የአክሱም ዘመን ተርጓሚዎች «ፊሳልጎስ»ን ከግሪክ ወደ ግዕዝ መልሰው የእያንዳንዱን እንስሳ ጠባይ በሃይማኖት ምሳሌ ሲያብራሩ ኖረዋል። እንግዲህ ያ የሕንድ ቀበሮ ሸዋ የገባው ሁለት ጊዜ ነው ማለት ነው፤ መጀመሪያ በዐረብኛና በግዕዝ በገዳም በር፣ ሁለተኛ በፈረንሳይኛ በሆቴል በር።

በፈረንሳይኛው በር የገባ ሌላም የሰሜን ሸዋ ሰው አለ። ከበደ ሚካኤል በ1909 ዓ.ም. መንዝ ገርም ገብርኤል ተወለዱ፤ አዲስ አበባ በፈረንሳይኛ ትምህርት አደጉ። «ታሪክና ምሳሌ» የተባሉት መጻሕፍታቸው ስንት ትውልድ በትምህርት ቤት አነብንቧቸዋል! በውስጣቸው ከታሪክ ወጎች ጎን እንስሳት በግጥም ይከራከራሉ፣ ይታለላሉ፣ ይመከራሉ። ተክለሐዋርያት ተረቱን ለሹማምንት ሲያቀርቡት ከበደ ለተማሪ አቀረቡት፤ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የከበደ ስንኝ ጥራት የሚያስቀና ነው። ነገር ግን አብዛኞቹ ምሳሌዎቻቸው መጨረሻ ላይ ምክሩ ቁልጭ ብሎ ይቀመጣል፤ አንባቢው የሚያኝከው አይተርፈውም። የአህያዋ ተረት «በሏት» ብሎ ሲያቆም የሚተወውን ዓይነት ንዴት እኔ ከምክር አብልጬ እወደዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ የእንስሳት ተረት ኑሮው የልጆች ክፍል ሆነ። ሐዲስ ዓለማየሁ «ተረት ተረት የመሠረት»ን በ1948 ዓ.ም. ሲያሳትሙ የቃል ተረቱ መጽሐፍ አገኘ። አባባ ተስፋዬ፣ ማለትም ተስፋዬ ሣህሉ፣ ከኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መጀመሪያ አንሥቶ ለ42 ዓመት ገደማ ጦጣና ጅብን በየቤቱ ሳሎን አስገቡ፤ በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ አያታቸውን ያጡ የመሰላቸው አዋቂዎች ጥቂት አልነበሩም። በ1998 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በብሩክታዊት ጥጋቡ የተጀመረው «ጸሐይ መማር ትወዳለች» ለአገሪቱ ሕፃናት አንዲት አሻንጉሊት ቀጭኔ ሰጣቸው። ጸሐይ እጅ መታጠብንና ፊደልን ታስተምራለች። የጃፓን ሽልማት የተባለውን ዓለም አቀፍ የትምህርታዊ ፕሮግራሞች ውድድርም በ2008 እ.ኤ.አ. አሸንፋለች።

በውጭው ዓለም ነገሩ የሄደው በተቃራኒው ነው። እዚያ አዋቂዎች እንደ ሰው የሚናገሩ እንስሳትን ታሪክ ለራሳቸው አስመልሰዋል። በአሜሪካ ከሳይንሳዊ ልብ ወለድ አፍቃሪዎች መካከል የወጣው የእነዚህ አዋቂዎች ማኅበረሰብ በ1989 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የመጀመሪያ ጉባኤውን አደረገ። ፒትስበርግ ላይ በየዓመቱ የሚካሄደው «አንትሮኮን» ዛሬ ሺዎችን ይሰበስባል፤ «ኡርሳ ሜጀር» የተባለ ሽልማት ለዓመቱ ምርጥ ልብ ወለድና የሥዕል ታሪክ ይሰጣል። የራሳቸው ዜና አቅራቢ፣ የራሳቸው ሐያሲና አሳታሚ አላቸው። ፍሬድ ፓተን የተባለው ሰው ዕድሜውን የሰጠው እነዚህን ታሪኮች ለመሰብሰብ፣ ለመገምገምና ታሪካቸውን ለመጻፍ ነበር። ባለጭራ ልብስ ለብሰው አደባባይ መውጣታቸው የእኛን ሰው ያስቀው ይሆናል። ይሁንና የሚቀናባቸው ነገር አላቸው፤ የሚወዱትን ታሪክ ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደታተመ፣ የት እንደሚገኝ መዝግበው ያውቃሉ።

እኛ ዘንድ ታሪኩ ሞልቶ መዝገቡ ሳስቷል። አንድ ሰው ከልኩ ያለፈ ሥልጣን ፈላጊ ባየ ቁጥር «ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይላል፤ ያ በአንድ መስመር የተጨመቀ ልብ ወለድ ነው። ጠባዩ ያልተለወጠ ሰው ቆብ ሲደፋ «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ይባላል፤ ድመቷ ቆብ ደፍታ ስትሄድ በዓይነ ኅሊናው የማይታየው የለም። አያ ጅቦና እመት ጦጢት የቤተሰብ መዓርግ ተሰጥቷቸው የመንደሩ ነዋሪ ሆነዋል።

አዲስ ተረትም መወለዱ አልቆመም። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ባለው 130 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ አህያ መሐል አስፋልት ቆማ አልንቀሳቀስ ስትል፣ ፍየሎች መኪና ሲያዩ ሲበተኑ፣ ውሻ ደግሞ ጎማ እየነከሰ ሲከተል ያየ ተሳፋሪ ምክንያቱን ያውቀዋል። ሦስቱ አንድ ጊዜ በአውቶቡስ ተሳፍረው ነበር። አህያ ሒሳቧን አንድም ሳታጎድል ከፈለች፤ ስለዚህ መኪና ቢመጣ ምን አስጨነቃት፣ መብቷን ታውቃለች። ፍየል ሳትከፍል ዘላ ወረደች፤ ረዳቱ የደረሰባት ስለሚመስላት እስከ ዛሬ ትሮጣለች። ውሻ ትልቅ ብር ሰጥቶ መልሱን ሳይቀበል መኪናው ሄደበት፤ መልሴን እያለ ይኸው ያባርራል። ይህ ተረት በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ይነገራል። መነኸሪያ ገብቶ ከረዳት ጋር ስለ መልስ የተጣላ ሰው ሲሰማው ግን ለእሱ ብቻ የተሠራ ይመስለዋል።

ለወደፊቱ ደራሲ የሚሆን ጥሬ ነገርም ከአፍንጫችን ሥር አለ። ከአንኮበር ገደል አፋፍ ጀምሮ እስከ መንዝ ደጋ ጭላዳ በመንጋ ሣር ሲነጭ ይውላል። በመንዝ ጓሳ ደግሞ ቀይ ቀበሮ በጭላዳው መንጋ መሐል ገብቶ አይጥ ሲያድን ተመራማሪዎች ዓመታት ተከታትለውታል። በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጡት ውጤት እንደሚለው ቀበሮው በመንጋው መሐል ሆኖ ሲያድን 67 በመቶ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን 25 በመቶ ብቻ። እሱም በበኩሉ የጭላዳዎቹን ግልገሎች አይነካም ማለት ይቻላል። ጭላዳዎቹም ከውሻ እንደሚሸሹት ከእሱ አይሸሹም፤ ሲመጣ እያዩት ሣራቸውን ይነጫሉ። የትኛውም ተረተኛ ይህን ውል ቢፈጥረው «አጋነንከው» ይባል ነበር።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲና ለአካባቢው ትምህርት ቤቶች ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ እንግሊዛዊቷ ደራሲ ኤልዛቤት ሌርድ ከብሪቲሽ ካውንስል ጋር በየክልሉ እየዞረች ተረት ቀድታለች፤ ሥራው ይቻላል ማለት ነው። አንድ ተማሪ ለእረፍት ወደ ተጉለት፣ ወደ መንዝ ወይም ወደ አንኮበር ሲወርድ ስልኩን ከፍቶ የአያቱን አንድ ተረት ቢቀዳ፣ ተራኪውን፣ ቀበሌውንና ቀኑን ቢጽፍበት፣ በዓመት ውስጥ ቤተ መጻሕፍት ይሞላል። መምህራንም አብራርተው፣ በማስታወሻ አግዘው «ፋቡላ»ን እንደገና ያሳትሙልን፤ ተማሪዎቻቸውም ደብረ ብርሃን መድረክ ላይ ይጫወቱት። ሳያደብር ከከተማው ቅርብ ነው፤ የደራሲው አገር ሰዎች የፊተኛው ወንበር ላይ ይቀመጡ።