ተልጦ የሚሰጥመው ብርቱካን

ከ3 እስከ 6 ዓመት ላሉ ሕፃናት የሚሆን የሳይንስ ሙከራ ከወጥ ቤት አይወጣም፤ ውኃ፣ ጨው፣ ሎሚ፣ ባቄላና አብሮ የሚቀመጥ አዋቂ ይበቁታል። ሥርዓቱ አጭር ነው፦ ልጁ ይገምታል፣ ይሞክራል፣ ያየውን ይናገራል። ብዙ ወላጅ የሚያበላሸው ግምቱን ነው። ልጁ አፉን ሳይከፍት መልሱ ከተነገረው የሚቀረው ትርኢት እንጂ ሙከራ አይደለም።

የሎሚ ጭማቂ ላይ ቤኪንግ ሶዳ ሲጨመር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጠርና አረፋው ይገነፍላል። ልጆች ይወዱታል፤ ከገነፈለ በኋላ ግን ብዙም የሚያስጠይቅ ነገር የለውም።

የመንሳፈፍና የመስጠም ሙከራ ከዚህ እጅግ ይበልጣል፤ የሚገባውን ክብር ያጣውም በአንድ የተሳሳተ አባባል ነው፦ «ከባድ ነገር ይሰጥማል፣ ቀላል ነገር ይንሳፈፋል»። አዋቂዎች ይህን ለልጅ ባይነግሩት ይሻላል። ባልዲ ውኃ ውስጥ አንዲት የምስር ፍሬ ታች ስትወርድ ትልቁ ሐብሐብ ከላይ ይቀራል።

አባባሉን ከሥሩ የሚነቅለው ብርቱካን ነው። ከነልጣጩ ሲጣል ይንሳፈፋል። ከዚያ ነጩ ሽፋን ሳይቀር በደንብ ይላጣል። ቀልሏልና ልጁ አሁንም እንደሚንሳፈፍ ይገምታል፤ ብርቱካኑ ግን ይሰጥማል። ነጩ የልጣጭ ክፍል አየር የቋጠረ ነው። ብርቱካኑ ከነልጣጩ ሲሆን፣ ያንኑ ያህል ቦታ ከሚይዝ ውኃ ይቀላል፤ ሲላጥ በጥቂቱ ይከብዳል። ወሳኙ ይህ ንጽጽር እንጂ ክብደቱ ብቻውን አይደለም። ለአራት ዓመት ልጅ ይህን መተንተን አያስፈልግም። ልጣጩን ለብቻው፣ ቀጥሎም በግማሽ የተላጠ ብርቱካን እንዲጥል ጊዜ ከተሰጠው አየሩ ያለበትን ቦታ ራሱ ይደርስበታል።

የእንቁላሉ ሙከራ የዚሁ ተከታይ ነው፤ እዚህ የሚለወጠው ውኃው ነው። አዲስ የተጣለ እንቁላል በንጹሕ ውኃ ይሰጥማል። ጨው በማንኪያ እየተጨመረ ሲማሰል ውኃው ይከብድና እንቁላሉ ይነሳል፤ ለአንድ ብርጭቆ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያህል ይፈልጋል። በአፋር፣ በጨዋማው የአፍዴራ ሐይቅ የሚዋኝ ሰው ያለ ድካም የሚንሳፈፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። የቆየ እንቁላል በውስጡ አየር ስለሚበዛ በንጹሕ ውኃም ሊንሳፈፍ ይችላል፤ ለዚህ ሙከራ አይሆንም።

ባቄላ በእርጥብ ጥጥ ላይ ሲቀመጥ በጥቂት ቀናት ያጎነቁላል። ፍሬው ቢገለበጥም ሥሩ ታጥፎ ወደ ታች ይሄዳል። ሙሉው ባቄላ ጎን ክክ ቢቀመጥ መልካም ነው፤ ክኩ አይበቅልም፤ ልጁም ልዩነቱን ያያል።

ትንንሽ ፍሬ አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ይገባል፤ ጥቂት ውኃም ሕፃን ያሰጥማል፤ ስለዚህ አዋቂው ከአጠገቡ አይነሳም። በረኪና ከሎሚም ሆነ ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ስለሚያወጣ ወደ ሙከራው ጠረጴዛ ፈጽሞ አይቀርብም።