ነፋስ የሌለው ገደል

በራዲዮ ከተሰማው ንግግር የተወሰደ

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ መነጽር ነው። መነጽር ስል ግን ዕድሜያችን ሲገፋ ደብዳቤ ለማንበብ በአፍንጫችን ላይ የምናሳርፈውን ዐይነት ማለቴ አይደለም። ይህኛው ዓይንን የሚሸፍን፥ ሸፍኖም ያልሄድንበትን አገር የሚያሳይ መነጽር ነው። ፈረንጆች ቨርቹዋል ሪያሊቲ ይሉታል፤ በእኛም ቋንቋ ምናባዊ እውነታ ተብሎ ተተርጕሟል።

ከዚህ መነጽር ጋራ ያስተዋወቀኝ የቢሮ ሥራ ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት በምሠራበት መሥሪያ ቤት በስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ ቀረበ። ለመስክ ሥራ የሚወጣው አበልና ነዳጅ በዝቷልና፥ አንድ ካሜራ የያዘ ሰው ብቻ ወደ ስፍራው ሄዶ ዙሪያውን ሁሉ ቀርጾ ይምጣ፤ ከዚያ በኋላ እኛ በየተራ መነጽሩን እያጠለቅን፥ ከወንበራችን ሳንነሣ ስፍራውን እንጐብኝ የሚል ነበር። ለምሳሌ የተጠቀሰችውም ሰቆጣ ናት። ሰቆጣ ከአዲስ አበባ በመኪና ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ስለምትርቅ ሐሳቡ ብዙ ደጋፊ አገኘ። እኔም ከደጋፊዎቹ አንዱ ነበርሁ፤ ይህን አልሰውርም፤ ወገቤ ከመኪና ጉዞ ጋራ ከተጣላ ቈይቷልና። ነገር ግን አስተያየቴን በጽሑፍ እንዳቀርብ ስለ ታዘዝሁ፥ አስቀድሜ መነጽሩን መሞከር ግድ ሆነብኝ።

አንድ ወዳጄ ኩዌስት 2 የሚባለውን መነጽር ይዞ ወደ ቤቴ መጣ። ይህ መሣሪያ የዛሬው ሜታ፥ በዚያን ጊዜ ግን ፌስቡክ ይባል የነበረው የአሜሪካ ኩባንያ፥ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ2020 ለገበያ ያወጣው ነው። ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ያህል ሲሆን በራስ ላይ በማሰሪያ ይጠብቃል። መጀመሪያ የታየኝ ለጀማሪ መለማመጃ የተዘጋጀ ትርኢት ነበር። ከፊቴ ጠረጴዛ ቀረበልኝ፤ በላዩም ኳስና ከወረቀት የተሠራ አውሮፕላን ነበሩበት። እጄን ሳነሣ በመነጽሩ ውስጥም የእኔ ያልሆነ እጅ ተነሣ። አውሮፕላኑን ይዤ ወረወርሁት፤ እየተንሳፈፈ ሄደ። ከዚያ አንድ ትንሽ ሮቦት መጥቶ ለጭፈራ ጋበዘኝ። እኔ በሠርግ እንኳ እስክስታ የማልወርድ ሰው፥ ከዚያ ሮቦት ጋራ ትከሻዬን ስነቀንቅ ልጆቼ በሣቅ ፈረሱ። ጥቂት ሲደክመኝ በጠረጴዛው ልደገፍ አልሁ። ጠረጴዛው ግን ያለው በመነጽሩ ውስጥ እንጂ በቤቴ ውስጥ አልነበረምና ወለሉ ላይ ተዘረጋሁ።

ሁለተኛው ትርኢት የአውስትራልያ ሰዎች የሠሩት ነው። ሰውየው በአሳንሰር ወደ አንድ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ይወጣል፤ በሩ ሲከፈት ከፊቱ ወደ ባዶ አየር የተዘረጋ አንድ ጠባብ ሳንቃ ብቻ ያገኛል። ወዳጄ ደግሞ ተንኰለኛ ስለ ሆነ፥ ከመነጽሩ ውጭ በሳሎኔ ወለል ላይ እውነተኛ ሳንቃ አስቀምጦልኛል። የእግሬ ጣት ሳንቃውን ሲነካ ዓይኔ ደግሞ ከታች እንደ ጕንዳን የሚተራመሱትን መኪናዎች አየ። አእምሮዬ «በገዛ ሳሎንህ ነህ» ይለኛል፤ ጕልበቴ ግን አልሰማውም። ላብ አጠመቀኝ፤ አንድ እርምጃ ሳልራመድ ጊዮርጊስን ጠርቼ መነጽሩን አወለቅሁ።

አንባቢ ሆይ፤ ሰው በገዛ ሳሎኑ ገደል የሚፈራው በምን ምክንያት ነው? ሁለቱ ዓይኖቻችን አንድን ነገር የሚያዩት ከጥቂት ርቀት ላይ ሆነው ስለ ሆነ፥ የቀኙና የግራው ምስል በጥቂቱ ይለያያል። አእምሮ ቅርብና ሩቁን ከሚለይባቸው መንገዶች አንዱ በዚህ ልዩነት ነው። ቻርልስ ዊትስተን የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ይህን በ1838 አስረዳ፤ ለእያንዳንዱ ዓይን የተለየ ሥዕል በመስተዋት እያሳየ ጠፍጣፋውን ሥዕል ጥልቀት ያለው አስመሰለው። የዛሬው መነጽር በዚህ ላይ አንድ ነገር ጨምሯል፤ ይኸውም ራስ ሲዞር ሥዕሉም አብሮ መዞሩ ነው። በመነጽሩ ፊት ያሉ ትንንሽ ካሜራዎችና በውስጡ ያሉ መሣሪያዎች የራሳችንን እንቅስቃሴ ይከታተላሉ፤ ሥዕሉም በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ቢያንስ 72 ጊዜ እየታደሰ ይቀርብልናል። አይቫን ሰዘርላንድ የተባለ አሜሪካዊ ይህን በ1968 ሲጀምር፥ መሣሪያው እጅግ ከመክበዱ የተነሣ ከጣራ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ የሚያሳየውም በመስመር የተሣሉ ቅርጾችን ብቻ ነው። መነጽሩ ብዙ ሰዎችን የሚያቅለሸልሽበትም ምክንያት ከዚሁ ይመጣል፤ ዓይን «እየሄድን ነው» ሲል፥ በጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን ሕዋስ «ኧረ ቆመናል» ይላልና።

ከሰዘርላንድም በፊት ሞርተን ሃይሊግ የሚባል አሜሪካዊ የፊልም ሰው ነበር። እርሱ በ1962 የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው ማሽን በራስ ላይ የሚጠለቅ ሳይሆን ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ራሱን የሚያስገባበት ሣጥን ነው። በሞተር ብስክሌት በከተማ ውስጥ የሚሄድ ያህል ከማሳየቱም በላይ፥ ወንበሩ ይንቀጠቀጣል፥ በፊት ላይ ነፋስ ይነፍሳል፥ የመንገዱም ሽታ ይሸታል። ማሽኑ ገዢ ሳያገኝ ቀረ። ከእርሱ በኋላ የመጡትም ዓይንንና ጆሮን ይዘው ነፋሱን ተዉት። ይህችን የነፋስ ነገር እባካችሁ አትርሱብኝ፤ ወደ እርሷ እመለሳለሁ።

መነጽሩ የሰውን ልብ ለመንካት ያለውን ኀይል አላቃልልም። በዲሴምበር 2015 ቻሪቲ ዎተር የሚባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት በኒውዮርክ ከተማ በሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር ግብዣ አድርጎ ነበር። በዚያም 400 ያህል እንግዶች በአንድ ጊዜ መነጽር አጠለቁ። ያዩትም ከዋግ ጋራ በምትዋሰነው በትግራይ፥ በአንዲት መንደር ውስጥ ንጹሕ ውሃ ያጣች ልጃገረድ የምትውልበትንና በኋላም ለመንደሯ ጕድጓድ ሲቈፈር የሚያሳይ ፊልም ነው። በዚያች ማታ 2.4 ሚሊዮን ዶላር ተሰበሰበ። ውሃ ለተጠማ ውሃ መድረሱ የተመሰገነ ነው፤ እኔም ይህን ታሪክ ለአለቃዬ ልጽፍለት አስቤ ነበር። እንግዲህ አስተያየቴን ሳልጨርስ ለሌላ ሥራ ወደ ሰቆጣ እንድሄድ ታዘዝሁ። ወዳጄን ለምኜ መነጽሩን በሻንጣዬ ውስጥ ይዤ ተነሣሁ።

ብዙዎቻችን ሰቆጣን የምናውቃት በመዝገብ ነው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማስቀረት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ ስለ ተሰየመ፥ ስሟ በየቢሮው ፋይል ላይ ተጽፏል። ለዋግ ሰው ግን ሰቆጣ የዋግ ሹሞች መቀመጫ ናት። ከእነዚህ ሹማምንት አንዱ ዋግሹም ጎበዜ፥ ዐፄ ቴዎድሮስ ካረፉ በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠው ነበር። ከከተማይቱ ጥቂት ራቅ ብሎ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ የሚባል ከአንድ ዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ሳይፈርስ የቈየ የዋግ ሹሞች አስከሬንም በዚያ እንደሚገኝ ይነገራል። ጫማዬን አውልቄ ስገባ የድንጋዩ ቅዝቃዜ በእግሬ መርገጫ ገብቶ እስከ ጕልበቴ ወጣ። ጨለማውን እስክለምደው ድረስ ቆሜ ቈየሁ፤ ዕጣኑም በልብሴ ላይ አድሮ ነበር። የመነጽሩ ወዳጅ ብሆንም፥ ያን ሰዓት መነጽሩን አላስታወስሁትም።

በማግሥቱ ከከተማው ወጣ ባለ ስፍራ፥ አንድ ሽማግሌ ባላገር በግቢያቸው ተቀብለው ጠላ ጋበዙኝ። ከልጅ ልጃቸው ጋራ በኽምጣኛ ይነጋገራሉ፤ ለእኔ ሲሉ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ። መነጽሩን አውጥቼ ባሳያቸው ጊዜ ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁኝ «ይናገራል?» ብለው ነው። «አዎን አባቴ፤ በእንግሊዝኛ» አልኋቸው። «እንግዲያው ድምፁን ዝቅ አድርገው፤ የማልመልስለት ሰው አይናገረኝ» አሉ። እኔም ያንኑ የሳንቃውን ትርኢት ከፍቼ አጠለቅሁላቸው፤ የልጅ ልጃቸውም እጃቸውን ያዘ።

አሳንሰሩ ሲከፈት እርሳቸውም እንደ እኔ ደንገጥ ብለው የልጁን እጅ ጠበቅ አደረጉ። ይህን የምለው ነገሩን እንዳላሳምር ነው። ከዚያ ግን ቀና አሉ። አገጫቸውን ወደ ፊት አውጥተው፥ ጕንጫቸውን ወደ ቀኝ፥ ወደ ግራም መለስ አደረጉ፤ አንድ ነገር የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር። ጥቂት ቈይተው ሳንቃውን እንደ ቤታቸው ደጃፍ ተራምደው ጫፉ ላይ ደረሱ፤ ምንም ሳይሉ አንድ እግራቸውን ወደ ባዶው አነሡ። በመነጽሩ ውስጥ እየወደቁ መሆናቸውን ባውቅም፥ በግቢያቸው መካከል ቆመው ይሥቁ ነበር።

«አባቴ፤ አልፈሩም?» አልኋቸው።

«ነፋስ የለውማ!» አሉኝ መነጽሩን እያወለቁ። «ልጄ፤ ገደል አፍ ላይ ስትደርስ የሚነግርህ ዓይንህ ብቻ አይደለም። ቀን ከቈላው የሞቀው ነፋስ ገደሉን ይዞ ወደ ላይ ይመጣል፤ ፊትህን ይመታሃል። በጭጋግ ጊዜ ፍየል ስፈልግ ያዳነኝ እርሱ ነው። ይህ የምታሳየኝ ገደል ነፋስ የለውም፤ እንግዲህ ገደል አይደለም።»

ያን ጊዜ ያ ገዢ ያጣው የ1962 ማሽን ትዝ አለኝ።

እንዲህ ስንጫወት አንዲት ትንሽ ልጅ መጥታ ከሽማግሌው ጕልበት ሥር ተቀመጠች። ዓይኗ ብሩህ፥ ፊቷም ደስተኛ ነበር። ሦስት ዓመት ይሆናታል ብዬ ገምቼ፥ ለወግ ያህል ዕድሜዋን እናቷን ጠየቅኋት። «አምስት ሞላት» አለችኝ። ዝም አልሁ። መቀንጨር ማለት ይህ ነው፤ ለዓይን አይታይም። ልጂቱ ለብቻዋ ስትታይ ጤነኛ የሦስት ዓመት ልጅ ትመስላለች። ቁመቷን ለክቶ፥ ዕድሜዋን ጠይቆ፥ ሁለቱን ካላስተያየ በቀር ማንም አያውቀውም። እንግዲህ ያ ባለ ካሜራችን መጥቶ ይህን ግቢ ዙሪያውን ቀርጾ ቢመለስ፥ እኛም በአዲስ አበባ መነጽሩን አጥልቀን ዋርካውን፥ ተራራውንና ይህችን ልጅ ብናይ ኖሮ፥ «ደኅና ናት» ብለን በመዝገብ እንጽፍ ነበር። መነጽሩ አልዋሸንም፤ ዕድሜዋን ግን ጠይቀነው አይመልስልንም። እናቷን ምን ታበያታለሽ፥ ውሃው ከምን ያህል ርቀት ይመጣል፥ በክረምት ታምማ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅም አይቻልም።

መቼም ይህን ብዬ መነጽሩን ከጥቅም ውጭ አላደርገውም። ከዋግ በስተ ደቡብ ያሉትን የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በጨረር መለኪያ ቀርጸዋቸዋል። ድንጋይ ሲሰነጠቅና ሲሸረሸር ከቀድሞው ጋራ ለማስተያየት እንዲህ ያለ ሥራ ብርቱ ጥቅም አለው። ሐኪም ቀዶ ጥገናን፥ አብራሪም በረራን በመሰል መሣሪያ ይለማመዳሉ። ድንጋይ ዕድሜውን ጠይቁኝ አይልምና ለድንጋይ መነጽሩ ይበቃል።

ልሰናበት ስነሣ ሽማግሌው መስተዋቱን በኵታቸው ጫፍ ጠርገው መነጽሩን መለሱልኝ። የመሥሪያ ቤታችንን ሐሳብ ነገርኋቸው፤ ካሜራ መጥቶ ቀዬአቸውን ቀርጾ እንደሚወስድና ሰዎች በአዲስ አበባ ሆነው እንደሚያዩት። በጥሞና አዳመጡኝ። ከዚያም «እነርሱ በዚህ ሲያዩን፥ እኛስ እናያቸዋለን?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አላገኘሁላቸውም።

ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ወገቤ ለሦስት ቀን አላንቀሳቀሰኝም። በአራተኛው ቀን አስተያየቴን ጻፍሁ። መነጽሩ ይገዛ፤ አዳዲስ ሠራተኞች ወደ መስክ ከመውጣታቸው በፊት መንገዱንና የአገሩን አቀማመጥ ይዩበት፤ የመስክ ጉዞው ግን አይቀር፥ አበሉም አይቀነስ አልሁ። የልጂቱንም ዕድሜ በሁለተኛው አንቀጽ ጻፍሁ። ከሁሉ በታች የሽማግሌውን ጥያቄ እንዳለ ገለበጥሁት። ማስታወሻው በሳምንቱ ተመለሰልኝ። አለቃዬ አበሉን በተመለከተው መስመር ላይ ፈርሞበታል፤ ከሽማግሌው ጥያቄ አጠገብ ግን በቀይ እርሳስ «ለስብሰባ ይቅረብ» ብሎ ጽፎበታል። ስብሰባው ገና አልተጠራም።