ምጣዱ በስሌቱ ውስጥ አለ? የኢነርጂ ሽግግር ሞዴሎች ዳሰሳ

ከድሬዳዋ በስተደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ሐርላ ስሟ የሚነሣው በቁፋሮ ከወጡት የመካከለኛው ዘመን መስጊድና የጌጣጌጥ መሥሪያ ቅሪቶች ጋር ነው። በኢነርጂ ዕቅድ አውጪው ካርታ ላይ ግን አንዲት ነጥብ ናት፤ የነዋሪዋ ብዛት፣ ከኤሌክትሪክ መስመር ያላት ርቀትና የምታገኘው ፀሐይ ተመዝግቦላታል። በስዊድን ንጉሣዊ የቴክኖሎጂ ተቋም የተሠራው ኦንሴት የተባለው ሞዴል እንዲህ ያሉ ነጥቦችን አንድ በአንድ እያነሣ ዋናው መስመር፣ ሚኒ ግሪድ (የመንደር አነስተኛ መረብ) ወይስ የቤት ሶላር ይረክሳል ብሎ ያወዳድራል። ሊፕ የተባለው ሌላ ሞዴል የፍላጎትን ዕድገት በየዘርፉ ለአሥርት ዓመታት ይከተላል፤ ኦሴሞሲስ የተባለው ደግሞ የትኛው ማመንጫ መቼ ቢገነባ ጠቅላላ ወጪው እንደሚያንስ ያሰላል። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2025 ሁሉንም ቤተሰብ፣ 65 በመቶውን በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጭ ለማዳረስ ሲያቅድ የተመረኮዘው በመሰል የካርታ ስሌት ላይ ነበር። እነዚህ ሞዴሎች ሁሉ የሚሰጡት መልስ ከሒሳባቸው ይልቅ በተነገራቸው ፍላጎት የሚወሰን ስለሆነ፣ የፖሊሲ ክርክሩ መጀመር ያለበት ከግብዓቱ ነው።

ምጣድን እንውሰድ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሞቅ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ ለአምፖል፣ ለስልክና ለሬዲዮ የሚበቃው የቤት ሶላር ግን የሚሰጠው ጥቂት አሥር ዋት ነው። ለአንድ ቤተሰብ አምፖልና ሬዲዮ ብቻ ከተመደበለት ሶላሩ በቀላሉ ያሸንፋል፤ ቤቱ በሪፖርቱ «መብራት ያገኘ» ተብሎ ይቆጠራል፤ እንጀራው ግን እንደ ቀድሞው በማገዶ ይጋገራል። ያው ቤተሰብ ይጋግራል ተብሎ ሲታሰብ ውጤቱ ወደ ዋናው መስመር ያጋድላል፤ የሰፈሩ ትራንስፎርመርም አቅሙ ማደግ አለበት፤ በበዓል ዋዜማ ሁሉም ምጣዱን በተመሳሳይ ሰዓት ይጥዳልና። ከአገሪቱ የኢነርጂ ፍጆታ ከአምስት አራት እጅ በላይ ዛሬም ማገዶ፣ ከሰል፣ ኩበትና የሰብል ተረፈ ምርት ነው። ወጥ ቤቱን የዘለለ ሞዴል «ሽግግር» ሲል የሚያወራው ስለ ቀሪው ትንሽ ድርሻ ብቻ ይሆናል።

መረጃችን ደካማ ስለሆነ ሞዴል ከንቱ ነው የሚሉ አሉ። ስለ መረጃው እውነታቸውን ነው፤ የመጨረሻው ሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. በመሆኑ ዕቅድ አውጪዎች የመንደር ነዋሪን ብዛት ከሳተላይት ምስል ይገምታሉ። ነገር ግን ሞዴል የሌለው ባለሥልጣንም ግምት አለው፤ ግምቱ ጭንቅላቱ ውስጥ ስለሆነ የሚሞግተው የለም እንጂ። ሌሎች ደግሞ የህዳሴው ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በ5,150 ሜጋ ዋት አቅም ከተመረቀ ወዲያ ስሌቱ አልቋል ይላሉ። ግድብ ግን የመንደር ትራንስፎርመር አይተክልም፤ ዝናብንም አያዝም። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ ሲጎድል አገሪቱ መብራት በፈረቃ አድርጋለች፤ ለጎረቤት የምትሸጠውንም ቀንሳለች። ሞዴል በርካሽ ሊሰጠን ከሚችለው ነገር አንዱ እንዲህ ያለውን ደረቅ ዓመት ሳይደርስ በወረቀት መፈተን ነው፤ ያኔ የነፋስና የፀሐይ ኃይል ዋጋቸው ከኪሎ ዋት ሰዓት ሒሳብ በላይ ሆኖ ይታያል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፤ ሞዴሉ ገንዘቡን አያይም የሚለው። በሶማሌ ክልል ጋድ እና በአፋር ዲቼቶ ሊተከሉ በ2012 ዓ.ም. መግቢያ ለሳውዲው አክዋ ፓወር የተሰጡት ሁለት የሶላር ጣቢያዎች፣ በድምሩ 250 ሜጋ ዋት፣ ለኪሎ ዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ቀርቦላቸው ነበር። ማንኛውም የዝቅተኛ ወጪ ስሌት ይህን ዋጋ ሳያቅማማ ይመርጠዋል። ጣቢያዎቹ ግን አልተገነቡም። ብር የሚሰበስብ ባለሀብት ዶላር ከየት ያገኛል የሚለው ጥያቄ በተለመደው ስሌት ውስጥ ቦታ የለውም፤ ቢበዛ በወለድ ምጣኔው ተሸፍኖ ያልፋል። ይህ ጉድለት ግን የሚታከም ነው፦ በየዓመቱ ሊገኝ የሚችለው የውጭ ምንዛሪ እንደ ውኃው ወይም እንደ መስመሩ በሞዴሉ ላይ ገደብ ሆኖ ሊገባ ይችላል። ኦንሴትና ኦሴሞሲስ ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ይህን ለመሞከር የውጭ አማካሪ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሐርላን ከምጣድ ጋርና ያለ ምጣድ፣ በዝናባማና በደረቅ ዓመት አስልተው የወጪውን ልዩነት ለድሬዳዋ አስተዳደር ምክር ቤት ሊያቀርቡ ይችላሉ።