ነሐሴ 16 በሰቆጣ፣ ነሐሴ 16 በፍራንክፈርት

የፍልሰታ ጾም በተፈታ ዕለት ሰቆጣ የልጃገረዶች ከተማ ትሆናለች። ፀጉራቸው ከቀናት በፊት ጀምሮ ተሠርቶ ያደረ ነው፤ አንዷ ጋሜ፣ ሌላዋ አልባሶ፣ እንደየዕድሜያቸው። ዓይናቸውን ተኩለው፣ እንሶስላ ሞቀው፣ ድሪና አልቦ አድርገው፣ በጥልፍ ቀሚሳቸው ላይ ከወገባቸው ዙሪያ ረጅም ለምለም ሣር ያስራሉ። ሲጨፍሩ ሣሩ አብሮ ይወዛወዛል። በመጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ ቀጥሎ ከበሮው ይመታል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ነሐሴ 21 ድረስ መንገዱም፣ ደጁም፣ አደባባዩም የእነርሱ ነው። በእነዚህ ቀናት እናት ውኃ ቅጂ፣ እንጨት ልቀሚ አትልም። አባትም የት አመሸሽ ብሎ አይቆጣም።

በዓሉ እንደየአገሩ ስሙ ይለያያል። በዋግ ኽምራ ሻደይ፣ በላስታ ላሊበላ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ ይባላል። ሻደይ በኽምጣኛ ለምለም ማለት ነው ይላሉ የአገሩ ሰዎች፤ አሸንዳም ያው ከወገብ የሚታሰረው ሣር ስም ነው። ስለ አመጣጡ የሚነገረው ብዙ ነው። አንዳንዱ ከእመቤታችን ዕርገት ጋር፣ አንዳንዱ ርግብ ለኖኅ ካመጣችው ለምለም ቅጠል ጋር፣ ሌላው ደግሞ በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 11 ከተጻፈው ከዮፍታሔ ልጅ ታሪክ ጋር ያያይዘዋል፤ የእስራኤል ልጃገረዶች በየዓመቱ አራት ቀን እየወጡ ያስቧት ነበር ይላልና። የልቅሶው ቀን እንዴት የጭፈራ ቀን እንደ ሆነ ለሊቃውንቱ መተው ይሻላል።

ሰቆጣ ትልቅ ከተማ አይደለችም። የዋግ ሹሞች መቀመጫ የነበረች፣ በአቅራቢያዋ ከአለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ የሚገኝባት፣ ዛሬ የዋግ ኽምራ ዞን ዋና ከተማ የሆነች ትንሽ የደጋ ከተማ ናት። ከዋግ ሹምነት ተነሥተው ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው እ.ኤ.አ. ከ1868 እስከ 1871 የነገሡት ጎበዜም የዚሁ አገር ሰው ናቸው። በዘመናችን ግን ስሟ የሚነሣው ከድርቅ ጋር ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማስቆም ቃል ሲገባ ሰነዱን የሰቆጣ ቃል ኪዳን ያለው አለምክንያት አልነበረም።

እንግዲህ በዚህ ችግር በማይለየው አገር በዓሉን ያቆየው ገንዘብ አይደለም ማለት ነው። ባለፉት ዓመታት የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች መድረክና ባነር ጨምረውበታል፤ በዓሉ ግን ያለ መድረክም ያለ ባነርም ሲከበር የኖረ ነው። ትንንሾቹ ከትንንሾች፣ ጎረመስ ያሉት ከእኩዮቻቸው ጋር ይቧደናሉ። እያንዳንዱ ቡድን አውራጁን ራሱ ይመርጣል፤ ድምፅዋ ያማረ ብቻ ሳይሆን አፏ የተባ መሆን አለባት። ከደጅ ደጅ እየዞሩ ይጨፍራሉ። ባለቤቱ ያለውን ይሰጣል፤ ገንዘብ ይሁን እህል፣ ምንም የሌለው ይመርቃል። የተገኘው ከምትታመነው ልጅ ዘንድ ይቀመጥና በመጨረሻ አብረው ይበሉበታል፣ ወይም ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣል። የሰፈሩ ጎረምሶች ዱላቸውን ይዘው ከኋላ ይከተላሉ፤ ለጥበቃ ነው ይባላል፣ ለመተጫጨትም እንደሆነ ግን ሁሉም ያውቃል። የስምንት ዓመቷ ልጅ የአሥራ አምስት ዓመቷን እያየች ታድጋለች፤ ትምህርት ቤቱ ይኸው ነው፤ አስተማሪ ተቀጥሮበት አያውቅም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግጥሙ ነው። ተቀባዮቹ የሚመልሱት ዝማሬ የታወቀ ነው፤ የአውራጇ ስንኝ ግን በደጁ ላይ፣ በዚያችው ደቂቃ፣ ለዚያ ቤት ተብሎ የሚፈጠር ነው። አባወራው ለጋስ ከሆነ ይወደሳል፤ ቆጥቋጣ ከሆነ ሳቅ በተቀላቀለበት ስንኝ ይነካል፤ ልጁ ከሩቅ አገር ያለች እናት ደጅ ሲደረስ ግጥሙ ወደዚያው ያዘነብላል። አሥራ አራት ዓመት ያልሞላት ልጅ በአንድ ቀን ከሠላሳና አርባ ደጅ ፊት እየቆመች ቤት የሚመታ ስንኝ ታወጣለች። ያገራችን የቃል ግጥም ከትውልድ ወደ ትውልድ የተሻገረው በዚህ መንገድ ነው። ወንዶቹ በቡሄ ሆያ ሆዬ ሲሉ፣ ሴቶቹ በእንቁጣጣሽ አበባዬሆሽ ሲሉ የሚማሩትም ይህንኑ ነው።

ይህን ሁሉ ፍራንክፈርት ላይ ማንሣት ያስፈለገው ናፍቆት ለመቀስቀስ አይደለም። ናፍቆት በየምግብ ቤቱ ሞልቷል። ጉዳዩ እዚህ ከተማ ያለው ነሐሴ ነው።

እዚህ በዓል ሲባል አዳራሽ ማለት ሆኗል። ዛልባው ከሚያከራያቸው የየሰፈሩ አዳራሾች አንዱ ይያዛል፤ ዘፋኝ ከአዲስ አበባ ወይም ከዋሽንግተን ይመጣል፤ ወረቀቱ ላይ ማታ 3 ሰዓት ተብሎ ይጻፋል፤ ዘፋኙ መድረክ ላይ የሚወጣው እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው። ልጆቹ በዚያን ሰዓት የት ናቸው? ሁለት ወንበር ገጥመው፣ ካፖርት ተደርቦላቸው፣ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ተኝተዋል። ከዚያ በፊት ምሽቱ ሲጀመር ባህላዊ ልብስ ለብሰው አንድ ጊዜ ተሰልፈው፣ የተጠና መዝሙር ዘምረው፣ ፎቶ ተነሥተዋል። በዓሉን አዋቂ ያዘጋጃል፣ አዋቂ ይጨፍርበታል፣ ኪሳራውንም አዋቂ ይጣላበታል። የልጆቹ ድርሻ ጌጥ መሆን ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላቸው አልመጣም ሲሉ ወላጅ ያዝናል፤ ምን ትተው እንደ ቀሩ ግን ቆም ብሎ ያሰበ ጥቂት ነው።

በርግጥ ኮሚቴዎቹ የሚመሰገኑ ናቸው። ከሥራ መልስ በራሳቸው መኪና ወንበር የሚያመላልሱ ሰዎች አሉ። ጥፋቱ የእነርሱ ሳይሆን የአሠራሩ ነው።

የሚገርመው ደግሞ የአገሩ ሰዎች ራሳቸው ይህን ነገር ማወቃቸው ነው። በሄሰን መንደሮች ኬርብ የሚባለው የቤተ ክርስቲያን ምረቃ መታሰቢያ በዓል ሲደርስ ዛፉን ከጫካ አምጥተው የሚያቆሙት የመንደሩ ጎረምሶች ናቸው፤ ሽማግሌው ቢራውን ይዞ ይመለከታል። ፍራንክፈርት ከተማ ውስጥ እንኳ የቦርንሃይም ሰፈር የራሱን ኬርብ በየኦገስቱ ያከብራል። ከጰራቅሊጦስ ቀጥሎ ባለው ማክሰኞ ደግሞ ሰዉ ወደ ከተማው ደን የሚወጣበት ቬልድሸስታግ አለ፤ በቀድሞ ጊዜ በዚያ ቀን ብዙ ሱቅ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋ ነበር። ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮም የኦገስት መጨረሻ ቅዳሜና እሑድ ሲደርስ በማይን ወንዝ ግራና ቀኝ ታላቁ የሙዚየሞች በዓል ይከበራል። ብዙ ጊዜ ከሻደይ ቀናት ጋር ይገጥማል። በ2015 ዓ.ም. (2023) ለምሳሌ ከነሐሴ 19 እስከ 21 ነበር የዋለው። ያን ያህል ሕዝብ ወንዙን ሞልቶ ሲጨፍር ከበሮ ይዘው የሚመጡ ሃያ ልጃገረዶችን ማን ይከለክላቸዋል?

መሰናክል የለም ማለት አይደለም። ለምሳሌ ሣሩ። የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ሕግ አንቀጽ 39 ከማርች 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ሸምበቆ መቁረጥን ይከለክላል፤ በወንዙ ዳር የቆመውን ለምለም አይቶ ቢላዋ የሚመዝ ሰው ቅጣት ይጠብቀዋል። ይኸው አንቀጽ ግን ካልተከለለ ቦታ ማንኛውም ሰው ለግሉ የሚሆን በእጅ የሚያዝ ጥቂት ሣርና አበባ በጥንቃቄ ቢወስድ ይፈቅዳል። ለአንዲት ልጅ ወገብ ይበቃል። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ደግሞ ጸጥታ ነው፤ ይህም አይከፋም፤ ሰቆጣ ላይ ልጃገረዶች የሚዞሩት በቀን ነው።

ደጁስ? አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ጎረቤት ደወል ተጭኖ ከበሮ ቢመታበት ፖሊስ መጥራቱ አይቀርም። እዚህ ግን የኢትዮጵያዊ ደጅ ማለት ምግብ ቤቱ ነው። በዋናው ባቡር ጣቢያ ዙሪያም ሆነ በሌሎች ሰፈሮች ያሉት ቤቶች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በር ከፍተው ቢጠብቁ፣ ባለቤቱ እንደ አባወራ ደጁ ላይ ቆሞ ቢቀበል፣ በጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሰው የአቅሙን ቢሰጥ፣ ነገሩ ሰቆጣ ከሚደረገው ብዙም አይርቅም። የባቡር ጣቢያው ሰፈር ለልጅ አይሆንም የሚል ወላጅ እውነት አለው። ታላላቅ ወንድሞች ከኋላ ይከተሉ፤ ዱላው ይቅር።

ቋንቋውም ያስጨንቃል። እዚህ የተወለደችው ልጅ አማርኛ ትሰማለች፣ ስንኝ ግን አታወጣም ይባላል። የሚሰጣት የተጻፈ ዝማሬ ስለሆነ ነው፤ በላቲን ፊደል የተገለበጠውን አጥንታ ትዘምራለች፤ ያ ጥበቡ አይደለም። ሁለት ስንኝ ቤት ማስመታት ግን በሁለት ቅዳሜ ይለመዳል። ሽትራሰንባን ወይም ሃውስማይስተር የሚል ቃል ግጥሙ ውስጥ ቢገባ ማንም አይሞትም፤ ሰቆጣ ላይም ኽምጣኛና አማርኛ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ፍራንክፈርት ደግሞ ለአማርኛ ባዕድ አይደለችም። ከአባ ጎርጎርዮስ የተማረው ሂዮብ ሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ያሳተመው በዚችው ከተማ በ1698 እ.ኤ.አ. ነው፤ የሞተውም እዚሁ ነው።

የቀረው ከባዱ ጉዳይ ነው። ሐምሌ 29 ቀን 2013 ላሊበላ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ስትገባ አሸንድዬ ሊደርስ ከሦስት ሳምንት ያነሰ ነበር የቀረው። በትግራይም በዚያን ጊዜ ስንት ልጃገረድ ምን እንደ ደረሰባት ዓለም ሰምቷል። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈረመ፤ ዓመት ሳይሞላው ሐምሌ 28 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ፍራንክፈርት ላይ ደግሞ ጦርነቱ በጥይት ሳይሆን በጠረጴዛ ተካሄደ። አብረው ቡና ይጠጡ የነበሩ ሰዎች ምግብ ቤት ለዩ፣ ለቅሶ ለዩ። ሻደይ የማን ነው፣ አሸንዳ የማን ነው የሚል ክርክርም ተነሣ። በዓል ለፖለቲካ ሲውል መጨረሻው ምን እንደሚሆን ከዚህ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ታይቷል፤ ጊሰን ላይ ሐምሌ 1 ቀን 2015 በኤርትራውያን ፌስቲቫል በተነሣው ሁከት ከ20 በላይ ፖሊሶች ቆስለዋል።

ሣሩ በሁለቱም ወገን ይበቅላል። የሰቆጣዋ ልጅም የመቀሌዋ ልጅም ያንኑ ሣር፣ በዚያው ቀን፣ ከዚያው ወገብ ላይ ታስራለች፤ ስሙን እያንዳንዷ እናቷ በነገረቻት ትጥራው። ፍራንክፈርት ላይ ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ይማሩ ይሆናል። አብረው ይውጡ አይውጡ መወሰን ያለባቸው እነርሱ ናቸው እንጂ ባንዲራ የሚለኩ አባቶቻቸው አይደሉም። አንዳንድ አንባቢ በዚህ እንደሚቆጣ የታወቀ ነው። ይቆጣ።

ማኅበር ይቋቋም የሚል ካለ የጀርመን ሕግ ለምዝገባ የሚጠይቀው ቢያንስ ሰባት አባል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የተቋቋመው የከተማው የልዩ ልዩ ባህሎች ጉዳይ መሥሪያ ቤትም እንዲህ ያሉትን ያማክራል። ነገር ግን ለመጀመሪያው ዓመት ማኅበር አያስፈልግም። ሰባት ልጃገረዶች ይበቃሉ፤ ከመካከላቸው አንዷ አፏ የተባ ትሁን።

ነሐሴ 16 በአውሮፓ አቆጣጠር ኦገስት 22 ነው። በ2018 ዓ.ም. (2026) ቅዳሜ ይውላል፤ ወደ ሌላ ቀን ማዛወር አያሻም። ሣሩን ለመሰብሰብ ዓርብ ማታ ይበቃል። ሹሩባው ግን ሐሙስ መጀመር አለበት።