ወጨጫ፦ የሰው እጅ ያቆየው ደን

ከኮልፌ ወደ ምዕራብ የሚወስዱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው በቡራዩ አድርጎ ወደ አምቦ ይሄዳል። ሁለተኛው በአየር ጤና አድርጎ ወደ ሰበታና ወደ ጅማ ይሄዳል። በሁለቱ መንገዶች መካከል አንድ ትልቅ ተራራ ቆሟል። ስሙ ወጨጫ ነው። ከፍታው ከ3300 ሜትር ይበልጣል።

በዚህ ተራራ ደቡብ ምዕራብ ጎን ጥቅጥቅ ያለ ደን አለ። የመናገሻ ሱባ ደን ይባላል።

እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች! በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው የጥንት ደን አብዛኛው አልቋል። ታዲያ ይህኛው እንዴት ተረፈ? ለእኛስ ምን ያደርግልናል?

የተተከለ ደን

ታሪኩ ሩቅ ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ነገሡ። በእርሳቸው ዘመን የወጨጫ ጎን ተራቁቶ ነበር ይባላል። ንጉሡም ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው በተራራው ላይ አስተከሉ ተብሎ ይተረካል። ወፍ ዋሻ በሰሜን ሸዋ፣ በደብረ ሲናና በአንኮበር አካባቢ ነው። መኪና በሌለበት ዘመን ከዚያ እስከዚህ ዘር ማምጣት ቀላል ሥራ አይደለም።

ጽድ ቀስ ብሎ ያድጋል። የተከለው ሰው ትልቁን ዛፍ አያየውም፤ የልጅ ልጁ ያየዋል። በዚያ ዘመን ጉድጓድ የቆፈሩት፣ ችግኝ የጠበቁት ሰዎች ስማቸው አልተጻፈም። ሥራቸው ግን ከ550 ዓመት በኋላም ይወራል።

ደኑ ከዚያ ወዲህ ሳይነካ የኖረ አይምሰላችሁ። አዲስ አበባ ስትሠራ ብዙ ግንድና ጣውላ ከዚህ ወጥቷል። መጥረቢያ ገባ፤ ጥበቃ መጣ፤ እንደገና መጥረቢያ ገባ። ደኑ የቆየው ጠባቂ ባገኘ ቁጥር ነው።

ከተማዋና ማገዶው

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች። ሕዝቡ ቶሎ በዛ። እንጀራ የሚጋገረው በእንጨት ነበር። ቤት የሚሠራው በእንጨት ነበር። አጥሩም እንጨት ነበር። ብዙ ዓመት ሳይቆይ የእንጦጦና የአካባቢው ዛፍ ተመናመነ። ማገዶ የሚመጣበት መንገድ እየረዘመ ሄደ።

በዚህ ምክንያት ዐፄ ምኒልክ ከተማቸውን ሊያዛውሩ አሰቡ። በ1893 ዓ.ም. ገደማ፣ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ አዲስ ዓለም የተባለውን ከተማ ማሠራት ጀመሩ። ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሕንፃ በኋላ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አያችሁ? ማገዶ ሲያልቅ የሚቸገረው ድኻ ብቻ አይደለም። መንግሥትም ጓዙን ጠቅልሎ ሊነሣ ነበር።

አዲስ አበባን ያስቀራት ባሕር ዛፍ ነው። የተገኘው ከአውስትራልያ ነው። ወደ አገራችን የገባው በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። ባሕር ተሻግሮ ስለመጣ ባሕር ዛፍ ተባለ። ቶሎ ያድጋል። ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ቅጠሉን ከብት አይበላውም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከተማዋን ሞላት።

ነገር ግን ጥቅም ያለው ነገር ጉዳትም አያጣም። ባሕር ዛፍ ብዙ ውኃ ይጠጣል። ከሥሩ ሣርና እህል እንደ ልብ አይበቅልም። በ1905 ዓ.ም. ከሦስት ሁለቱ እጅ እንዲነቀል አዋጅ ወጥቶ ነበር። አዋጁ ግን በሥራ ላይ አልዋለም። ሰውስ ማገዶውን ከየት ያምጣ?

በደኑ ውስጥ ማን ይኖራል?

በወጨጫ ደን ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ ይገኛሉ። ወደ ተራራው ጫፍ ሲወጡ ዛፉ ያጥራል፤ አስታ ይበዛል። የእነዚህን ዛፎች ጥቅም እናንተ ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ። ጽድ ምሰሶ ይሆናል። ዝግባ ጣውላ ይሆናል። ወይራ የወተት ዕቃ ይታጠንበታል። የኮሶ አበባ የቀድሞ ሰው የሆድ ትል መድኃኒት ነበር።

በዛፉ ላይ ጉሬዛ ይኖራል። ጥቁርና ነጭ ጠጉር አለው። ምግቡ በብዛት ቅጠል ነው። ኑሮው ከዛፍ ዛፍ ነው፤ ዛፍ ከሌለ ጉሬዛም የለም። በሥር በሥሩ የምኒልክ ድኩላ ይሄዳል። ይህ የድኩላ ዝርያ የሚገኘው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው። የወንዱ ጠጉር ወደ ጥቁር ያደላል።

ነብርም አለ። ነብር ሲባል ሁላችንም እንፈራለን። ፍየልና በግ ይወስዳላ! ግን ነብር ዝንጀሮንና የዱር አሳማንም ያድናል። ዝንጀሮና አሳማ ደግሞ የማንን ሰብል እንደሚያጠፉ ገበሬ ያውቃል። ነብሩን ያጠፋ አገር ሌላ ጠባቂ መቅጠር አለበት።

ወፎችም ሥራ አላቸው። የጽድንና የወይራን ፍሬ ይበላሉ። ፍሬው ውስጥ ያለውን ዘር በሌላ ቦታ ይጥሉታል። እዚያም ይበቅላል። ደመወዝ የማይጠይቁ ተካዮች ናቸው።

ደኑና ውኃው

ዝናብ በተራቆተ መሬት ላይ ሲወርድ ምን ይሆናል? ቶሎ ይሮጣል። አፈሩን ጠርጎ ይወስዳል። ጎርፍ ይሆናል። ዝናቡ ሲያባራ ውኃውም ያልቃል።

በደን ውስጥ ሲወርድ ግን መጀመሪያ ቅጠል ይቀበለዋል። ከዚያ የረገፈው ቅጠል እንደ ስፖንጅ ይመጠዋል። ቀስ እያለ ወደ መሬት ይሰርጋል። በበጋ ምንጭ ሆኖ ይወጣል።

ከወጨጫ የሚወርዱት ጅረቶች ወደ አዋሽ ይገባሉ። አዋሽ የቆቃን ግድብ ይሞላል፤ የወንጂን ሸንኮራ ያጠጣል፤ እስከ አፋር ይወርዳል። ከደጋው የታጠበው አፈርም አብሮ ይወርዳል። ቆቃ ሲደርስ ደለል ሆኖ ይተኛል፤ የውኃውን ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ደጋ ላይ የተቆረጠ ዛፍ ቆላ ላይ ያለውን ሰው ይጎዳል።

የት ምን እንትከል?

«ደኑን አትንኩ» ማለት ቀላል ነው። ግን ማታ ልጆቿን የምታበላ እናት ምን ታንድድ? ከተራራ ወርዳ፣ ጀርባዋ ጎብጦ፣ እንጨት ሸጣ የምታድር ሴት ምን ትብላ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሌለ ጥበቃ ብቻውን አይበቃም።

መልሱ ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ የማገዶ ዛፍ በየሰፈሩ ይተከል። ለዚህ ባሕር ዛፍ ይሆናል። ነገር ግን ከምንጭ፣ ከጉድጓድና ከእርሻ ዳር ይራቅ።

ሁለተኛ፣ በምንጭ ራስና በገደል ላይ የአገራችን ዛፍ ይተከል። ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ ይሁን። ጽድ ሲቆረጥ እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው አይተካም። ስለዚህ ለተቆረጠው አዲስ ችግኝ ያስፈልገዋል። ችግኙም ከከብት መጠበቅ አለበት።

ሦስተኛ፣ ማገዶ ይቆጠብ። ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። በሳምንት 4 ሸክም የምታነድ እናት 2 ሸክም ሊበቃት ይችላል። 2 ሸክም ቀረ ማለት ሁለት ቀን መንገድ ቀረ ማለት ነው። ጢሱም ይቀንሳል፤ ዓይንና ሳንባ ያርፋሉ።

የወጨጫ ደን የቆየው በንጉሥ ትእዛዝ ብቻ አይደለም። የተከለው ሰው ስለጠበቀው፣ ልጁም ስለጠበቀው ነው። አሁን ተራው የእኛ ነው።

ለውይይት

1. በሰፈራችሁ ድሮ የነበረ፣ አሁን የደረቀ ምንጭ አለ? አጠገቡ ምን ዛፍ ነበር?
2. ሽማግሌዎች በልጅነታቸው ያዩት፣ ዛሬ የማይታይ የዱር እንስሳ የትኛው ነው?
3. በቤታችሁ በሳምንት ስንት ሸክም እንጨት ይነዳል? ቁጥሩን በደብተራችሁ ጻፉ። በወሩ መጨረሻ ደምሩት።