ለሕፃኑ የሚፈጨው ማሽላ

ልጅ ስድስት ወር ሲሞላው ጡት ብቻ አይበቃውም። ያኔ በሲሪንቃ፣ በመርሳም ሆነ በወልድያ ዙሪያ ያለች እናት እጇን የምትዘረጋው ወደ ማሽላው ጎተራ ነው። ማሽላው ሐላል ነው፤ በላብ የተገኘ ነው። ጦይብ መሆኑንስ አይተነዋል?

ወሎ ይህን ጥያቄ በመከራ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1977 እና 1978 ከወልድያ በስተምዕራብ ባለው ደጋ፣ በዋድላ ደላንታ፣ ኧርጎት የሚባል ሻጋታ የያዘው ሲናር ከእህል ጋር ተበላ። የሰዎች ጣትና እግር እየጠቆረና እየደረቀ ተቆረጠ፤ ከታመሙት ሲሶ ያህሉ ሞቱ። የዚህ ሻጋታ መርዝ የእናትን ወተትም ያደርቃል። ስለዚህ ሕፃኑ እህሉን ሳይቀምስ ይጎዳል።

የቆላውና የወይና ደጋው ሻጋታ ግን እንዲህ ጮኾ አይመጣም። ሲሪንቃ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ለድርቅ የሚሆን ቶሎ የሚደርስ ማሽላ በማውጣት የታወቀ ነው፤ ብዙ ቤተሰብም ተጠቅሞበታል። ይሁን እንጂ ማሽላ ዝናቡ ሳያባራ ካፈራ ገና በአገዳው ላይ ሳለ ይሻግታል። እርጥበቱን እንደያዘ ጎተራ ወይም ጉድጓድ ከገባ ደግሞ አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ይከተላል። ጉበትን ይመርዛል፤ ውሎ አድሮም የጉበት ካንሰር ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2004 በምሥራቅ ኬንያ በተበከለ በቆሎ 125 ሰዎች ሞተዋል።

የእኛ ልጆችስ? እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ከአማራና ከትግራይ የተወሰዱ ከ1 እስከ 4 ዓመት የሆኑ 200 ሕፃናትን ሽንት መርምሮ በ34ቱ ላይ አፍላቶክሲን አግኝቷል። እናቶች ጠንቅቀው ሊያውቁት የሚገባው ነገር ቢኖር ገንፎው ቢንተከተክ፣ አጥሚቱ ደጋግሞ ቢፈላ መርዙ አለመጥፋቱን ነው። ከተፈጨ በኋላ ደግሞ በዓይንም በምላስም አይለይም። አውሮፓውያን ለሕፃናት የእህል ምግብ የፈቀዱት መጠን ለአዋቂ እህል ከፈቀዱት 20 ጊዜ ያነሰ ነው፤ የሕፃን ገላ ትንሽ ነውና።

ስለዚህ ሥራው ከወፍጮ በፊት ነው። የልጁን እህል ለብቻ እናስቀምጥ። በባዶ መሬት ላይ ሳይሆን በሸራ ወይም በሰሌን ላይ እናስጣው፤ በጥርስ ስንሰብረው «ቀጭ» እስኪል ይድረቅ። የጠቆረውን፣ የተሸበሸበውንና ነቀዝ የበላውን እንልቀም። እህል እየደባለቁ የልጅ ዱቄት ማዘጋጀት መልካም ልማድ ነው፤ ግን አንድ እፍኝ የሻገተ ለውዝ ቁናውን ሁሉ ያበላሻል። ለቀማው አድካሚ ነውና ለእናት ብቻ አይተው፤ አባትም ወንድሞችም ሰፌዱን ይያዙ።

የተለቀመውንም «ከሚጣል» ብለን ለላሟ አንስጥ። መርዙ በወተቷ ተመልሶ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የተመረመሩት 110 የወተት ናሙናዎች ሁሉ መርዙ ተገኝቶባቸዋል፤ ምንጩም በአብዛኛው የኑግ ፋጉሎ ያለበት መኖ ነበር።