ጥፋት የፈጸሙ ልጆችን የማነጽ ሙያ፦ የትምህርቱ ወጪና የሥራው ገቢ ሲመዘኑ

በላንጋኖ አካባቢ፣ በባቱ፣ በነገሌ አርሲና በሻሸመኔ የሚያድግ የቲም ልጅ 12ኛ ክፍልን ሲያጠናቅቅ አሳዳጊዎቹ ከባድ ጥያቄ ይገጥማቸዋል። በሐይቁ ዳርቻ ባለ ሎጅ ተቀጥሮ ቤቱን ይርዳ ወይስ ይማር? ሕግ የተላለፉ ልጆችን የማነጽ ሙያ ለሚመርጥ ልጅ ይህ ጥያቄ እንዴት እንደሚመለስ ከዚህ በታች እናብራራለን።

በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 15 ዓመት የሆኑ ልጆች ጥፋት ሲፈጽሙ እንደ አዋቂ እንዳይቀጡ፣ በተግሣጽ፣ በክትትል በሚሰጥ ትምህርት ወይም ወደ ጠባይ ማረሚያ ተቋም በመግባት እንዲታረሙ ይደነግጋል። ይህ የሠለጠነ ሰው ይሻል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ተቋም ለረጅም ዘመን በአዲስ አበባ የሚገኘው ብቻ ስለ ነበር፣ በአንድ ጠባብ የሥራ መደብ ላይ ተስፋን መጣል አያዋጣም። በሶሻል ወርክ፣ በሳይኮሎጂ ወይም በሕግ የተመረቀ ሰው ግን በፍርድ ቤት፣ በፖሊስ የሕፃናት ጥበቃ ክፍል፣ በማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም በበጎ አድራጎት ድርጅት ሥራ ሊፈልግ ይችላል።

ወጪው ሦስት ነው፦ የትምህርት ክፍያ፣ የኑሮና የመጓጓዣ ወጪ፣ እንዲሁም ብዙዎቻችን የምንረሳው፣ በትምህርት ዘመን የሚቀር ደመወዝ። ለማስረዳት ያህል ብቻ ቁጥር እንውሰድ። ልጁ ሠርቶ በወር 3,000 ብር ያገኝ ነበር ብንል፣ በ4 ዓመት 144,000 ብር ይቀርበታል። የግል ኮሌጅ ክፍያ 56,000 ብር ቢሆን ድምሩ 200,000 ብር ነው። ከምረቃ በኋላ፣ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ተቀንሶ፣ በእጁ የሚገባው ከቀድሞው በወር 2,000 ብር ቢበልጥ፣ ወጪው የሚመለሰው ከ8 ዓመት በኋላ ነው።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሂሳቡ ይለወጣል። በወጪ መጋራት ደንብ መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪም ቢያንስ 15 በመቶውን ይሸፍናል፤ ይህም ሲማር ሳይሆን ተቀጥሮ ደመወዝ ሲያገኝ እየተቀነሰ ሊከፈል ይችላል። ስለዚህ ቤተሰቡ በቅድሚያ ትልቅ ገንዘብ ለመፈለግ አይገደድም።

አንድ ተጨማሪ ስጋትም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ። የተከፈለው ገንዘብ ሁሉ ፈተናው ካልታለፈ ዲግሪ አያስገኝም። እንግዲህ ኮሌጅ ከመምረጣችን በፊት ፈቃዱን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማረጋገጥ፣ ተማሪዎቹ በመውጫ ፈተናው ያስመዘገቡትን ውጤትም መጠየቅ ይገባናል።

የየቲም ገንዘብ አማና ነው። ከአባቱ የወረሰውን ከብት ሸጦ ደመወዙ መጠነኛ ለሆነ ሙያ የግል ኮሌጅ መክፈል፣ ልጁን ባዶ እጁን ሊያስቀረው ይችላል። ሙያው ባለጠጋ አያደርግም፤ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በኩል ከተገባበት ግን ወጪው ሊቻል፣ ኑሮም ሊመራበት ይችላል። ስለሆነም ለጋሾች ሆይ፣ ብዙ ፍሬ የሚሰጠው እርዳታ ከ12ኛ ክፍል በኋላ የሚመጣው ሳይሆን ከዚያ በፊት የሚደርሰው ነው፦ ደብተር፣ መጽሐፍ፣ የማጠናከሪያ ትምህርትና የትራንስፖርት ገንዘብ። ልጁ በራሱ ውጤት የዩኒቨርሲቲ ቦታ ሲያገኝ ውርሱም ሳይነካ ይቆየዋል።